ሸካሚ የሌለው ቤት

የዚያች ሴት እግር የተጣመመው በእኔ ደንብ ነው። መንደሩ «እግዜር ያመጣው ነው» ይላል፤ ያመጣሁት እኔ መሆኔን እዚህ ልጻፈው።

ከየጁቤ ከተማ ወዲያ ያለው መንደራችን መኪና አይገባበትም። የታመመ ሰው በቃሬዛ ተይዞ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ አምቡላንስ እስከሚቆምበት መንገድ ድረስ ይወሰዳል። ለዚህ ማኅበር አለን፤ ጥሪ ሲሰማ ከየቤቱ አንድ ወንድ ይወጣል። ቃሬዛውና የሚነጠፍበት ጋቢ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለችው ጎጆ ይቀመጣሉ። ጋቢው በደም ቢጨማለቅም ለሚቀጥለው ጥሪ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ ይገኛል። እንዴት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ስለ ጤና መድን የሚያስተምር ባለሙያ ከማርቆስ መጣ። «ሳያዋጣ የሚጠቀም ከበዛ፣ የሚያዋጣውም ይሰለችና ማኅበሩ ይፈርሳል» አለ። መሠረተ ትምህርት ከተማርኩ ወዲህ እንደዚያ ልቤ የገባ ነገር አልሰማሁም። ሦስት ጎረምሶች እያሉት አንድም ቀን ቃሬዛ ያልነካ ጎረቤት ነበረንና፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሳሁበት።

«ለጠላ ሲጠራ የሚቀድም ትከሻ፣ ለቃሬዛ ሲጠራ ይታመማል» አልኩ።

«እማማ፣ እኔን እኮ ወገቤን ነው የሚያመኝ።»

«ወገብህ እስከ ጠላ ቤት ድረስ ደህና ነው።»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ሳያሞቀኝ አልቀረም፣ ደንብ ይውጣ አልኩ፤ ሸካሚ ላልላከ ቤት ቃሬዛ አይወጣም።

ከኋላ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴት ልጆች ብቻ ያሏት ጎረቤታችን ተነሳች። «እማማ፣ እኔ...» ስትል አላስጨረስኳትም።

«ተቀመጪ ልጄ፤ ለአንዱ በር ከከፈትን ሁሉም በዚያው ይሾልካል።»

የማኅበሩ ዳኛ «ለሷስ እንተውላት» ቢልም አሻፈረኝ አልኩ። ደንቡ ጸደቀ። ያም ሰነፍ ከዚያ ወዲህ ልጆቹን ይልካል።

ክረምት ሲገባ ያቺን ሴት ድጥ ጣላትና እግሯ ተሰበረ። ቃሬዛ አላስጠራችም። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሰምቻለሁ፤ ካልጠራች ምን አገባኝ ብዬ ቤቴ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ሲጠናባት ልጆቿ በተዋሱት አህያ ጭነው አወጧት።

እሷ ሆስፒታል እያለች ሌላ ጥሪ ወጣ። ጋቢው ያለፈው በሽተኛ ደም ደርቆበት እንደ ቁርበት ተገትሮ አገኘነው። «ማጠቡ የማን ተራ ነው?» ብዬ ተቆጣሁ። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ የሚያውቅ አልነበረም።

ከተመለሰች በኋላ እሑድ እሑድ እያነከሰች ቤተ ክርስቲያን ስትስም አያታለሁ። ዓይኗን ማየት ሲያቅተኝ ቤቷ ሄጄ ይቅር በይኝ አልኳት። እጄን ይዛ መደቡ ላይ አስቀመጠችኝ።

«ጋቢውን ወንዝ ወርጄ የማጥበው እኔ ነበርኩ፣ እማማ» አለችኝ። «ያን ቀን የተነሳሁት፣ ይሄ እንደ ሸካሚ ይቆጠርልኝ እንደሆነ ልጠይቅ ነበር። ተቀመጪ አሉኝ፤ ተቀመጥኩ።»