ዓዲ ግደፍ

ሳሊህን "አናጺ ነበር" ብቻ ብለው ሲያልፉት ሆዴን ያቃጥለኛል። አናጺስ ነበር፤ ማን ካደ? ግን በዚያ ዘመን መቐለ ላይ የመጤ ልጆችን የገና ጨዋታ ሜዳ አስገብቶ ቀና ብለው እንዲሄዱ ያደረገ ሌላ ሰው ካለ እስቲ ይምጣና ይንገረኝ!

ከወሎ የመጣው በጣሊያን ጊዜ መንገድ ሊሠራ ነው። ጣሊያን ሲሄድ እሱ ቀረ፤ ሙሚናን አገባና በርና አልጋ እየሠራ መኖር ጀመረ። ሰፈሩ ከየአገሩ በተሰባሰበ ሰው የተሞላ ነው፤ የሸዋው ጸሐፊ፣ የወሎው ነጋዴ፣ የጎንደሩ ወታደር። ልጆቻቸው ገና ሲቃረብ ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ከዓይናለም መንደር በታች ወዳለው ሜዳ ይወርዳሉ፤ እዚያ ግን ዳር ቆመው ማየት ነው። ገና የሚጫወተው መንደር ከመንደር ነዋ! እነሱ ምን መንደር አላቸው? የሜዳው ሽማግሌ አቦይ ወልደገሪማ "ዓድኹም ኣበይ እዩ?" ይሏቸዋል፤ አገራችሁ የት ነው ማለታቸው ነው፤ ዓዲ አገርም መንደርም ነው። ልጆቹ ወደ ዳር ይመለሳሉ። ሳሊህንም ገበያ ላይ ይኸንኑ ሲጠይቁት ያቀረቅር ነበር።

በ1938 ዓ.ም. ግን ቁርጡን ሊያውቅ ሄደ።

"አቦይ፣ ዘንድሮ የሰፈሬ ልጆች ለብቻቸው ይግጠሙ" አለ።

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፣ ወደይ! ግን ሕራይ፣ ይሁን፤ ካሸነፉ መንደር ናቸው፣ በየዓመቱ ይሰለፋሉ። ከተሸነፉ ዳግመኛ እንዳትጠይቀኝ።"

ሳሊህ የወይራ ዱላ በእጁ ጠርቦ ለየልጁ እንደየቁመቱ አደለ። ሩሯን፣ ያቺን የእንጨት ኳስ፣ እንደ እንቁላል አለስልሶ ሠራት። ማታ ማታ ከሥራ ሲወጣ ልጆቹን ያለማምዳል። ዘዴው አንድ ነው፦ ፊት ያለው የሚመታ መስሎ ሩሯን ያልፋታል፣ ከኋላው ያለው ይመታታል። ሰውየው መቐለ ከርሞ ምላሱ ትግርኛ ቀላቅሏል፤ ስለዚህ "ተዋት!" ለማለት "ግደፍ!" እያለ ይጮሃል።

ከልጆቹ አንዱ ፈንታሁን ከሸዋ ከመጣ ገና ክረምት አላለፈውም፤ ትግርኛው ከሰላምታ አይዘልም። ጊዜው ደግሞ የነቢያት ጾም! "ግደፍ!" ቢባል ግራ ገባው። "ግደፍ እኮ ነው የምልህ፣ አትሰማም?" ብሎ ጋሽ ሳሊህ ሲያፈጥበት ልጁ ምን ያድርግ፤ ዱላውን ጣለና ሙሚና ለባሏ ካመጣችው ወተት አንስቶ ግጥም አደረገ።

አቤት የዚያን ዕለት! እናቱ የትምወርቅ ነጠላዋን አገልድማ መጣች። "እስላም ጎረቤቴ ብዬ ባምንህ ልጄን ጾም ታስገድፈዋለህ? ሁለተኛ እግሩ አይደርስም!" ሌሎቹ እናቶችም ልጆቻቸውን ሊያስቀሩ ተነሱ። ቡድኑ አለቀለት በሉ።

ሳሊህ ነገሩ ሲገባው እንደ መሳቅም እንደ ማልቀስም አደረገው። "ወላሂ፣ እትዬ የትምወርቅ፣ ሩሯን ተዋት ማለቴ ነው! ካላመንሽኝ ልጆቹ ገናን ተጫውተው እስኪጨርሱ እኔም ወተት በአፌ አይዞርም።" አደረገውም። ሙሚና ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ እምቢኝ አለ። የትምወርቅ ሰነበተችና ልጇን እጁን ይዛ መለሰችው።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ልጆቹ በፈንታሁን ሲሳሳቁ ያችን ቃል የራሳቸው አደረጓት፤ "ግደፍ!" ማለት ከእንግዲህ በሰፈሩ ሁሉ "ምታና ጨርሳት!" ሆነ።

የገና ዕለት ሜዳው ሰው ጠጥቶ አይጠግብም። እነዚያ ተጋጣሚዎቹ የመንደሩ ልጆች ጎረምሶች ናቸው፤ የእኛዎቹ ለጋ። ግን አልተበገሩም! ሩሯ ወዲያና ወዲህ ስትል፣ አንድም ድንበር ሳይደፈር ፀሐይ ወደ መጥለቁ አለች። በመጨረሻ ሩሯ ፈንታሁን እግር ሥር ወደቀች፤ ከፊቱ አንድ ግዙፍ ጎረምሳ ዱላውን አንስቶ ቆሟል። ይኼኔ የትምወርቅ ከዳር ሆና፣ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ፦

"ግደፍ፣ ልጄ! ግደፍ!"

ጎረምሳው ትግርኛ ነው የሰማው፤ "ተው!" የተባለ መስሎት ክንዱን አወረደ፣ ማን ነው ብሎም ዞረ። ፈንታሁን ሸዋዬው ገደፋት! ሩሯ የእነዚያን ድንበር አልፋ ከሰው መሀል ገባች።

"ተው ተብለን ነው! አይቆጠርም!" ብለው እነዚያ አገር አመሱ።

አቦይ ወልደገሪማ ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱ። "እናት ለልጇ በቋንቋዋ ነገረችው፤ እናንተን ማን ስሙ አላችሁ? በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!" ከዚያ ወደ ሳሊህ ዞሩ።

"ዓድኻ ኣበይ እዩ?"

ሳሊህ እንደ ልማዱ ሊያቀረቅር ነበር። ልጆቹን አያቸው፤ ላብና አቧራ ለብሰው አፉን አፉን ያዩታል። ቀና አለ።

"ዓዲ ግደፍ!" አለ።

ሜዳው በሳቅና በእልልታ ተናጋ። ሽማግሌው ራሳቸው እየሳቁ "ዓዲ ግደፍ በሚቀጥለው ዓመትም ይሰለፋል!" ብለው ፈረዱ። ይኸው፣ መንደር እንዲህም ይወለዳል!

ሙሚና ሰዉን እየገፋች መጣችና ወተት የሞላ ቅል አቀበለችው።

"በል እንግዲህ፣ አንተም ግደፍ" አለችው።

ሳሊህ ቅሉን በሁለት እጁ ያዘ፤ እንባው ግን ቀድሞት ወተቱ ውስጥ ገባ።