በአዋሽ ሙቀት የሻገተው ሌንስ

አባቴ አዋሽ ላይ ለብዙ ዓመት ፎቶ አንሺ ነበር። ሱቁ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ካሜራው ግን ከእሱ አይርቅም። ባለፈው ዓመት እሱንና እናቴን ልጠይቅ ከሰመራ ስመጣ፣ ገና ሳልቀመጥ እጄ ላይ አኖረው።

«ሌንሱ ደመና ለብሷል። የሰው ፊት አይታየኝም። አጽጂልኝና እናትሽን አንዴ በደንብ ላንሳት።»

የከተማውን ሰው ሁሉ ሲያነሳ ኖሮ ከመታወቂያዋ በቀር የሚስቱ ፎቶ የለውም። እናቴ ከጓዳ ሆና «የእኔ ተራ ደንበኛ ሲያልቅ ነው» አለች።

አሮጌ ሌንስ የገዛ ወይም የወረሰ ሰው ጨለም ያለ ክፍል ይግባና ከበስተኋላው ባትሪ እያበራ አጋድሞ ይየው። አቧራ ነጠብጣብ ነው፤ ብዙም አይጎዳም። ሻጋታ ግን እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል። የአባቴ ሌንስ ድሩን ዘርግቶ ነበር።

በዚህ በረሃ ሻጋታ ከየት መጣ? እኛ ቤት የሚጠጣ ውሃ የሚቀዘቅዘው ጀሪካኑ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ጆንያው እየራሰ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው። አባቴ ሙቀቱ የሌንሱን ቅባት እንዳያቀልጥ ፈርቶ ካሜራውን ከነቆዳ ማኅደሩ ጀሪካኑ ሥር ያኖረዋል። ከሙቀቱ አተረፈው፤ እርጥበቱ በላው። ሌንስ በቆዳ ማኅደር አታኑሩ። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ደረቅ ዕቃ አድርጉትና ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምሩበት።

ካሜራውን ይዤ ሰመራ ተመለስኩ። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ስለሆነ ለንባብ እሳሳለሁ፤ መመሪያ ሳላነብ ዕቃ አልነካም። ሌንሱን ፈትቼ እያንዳንዱን ቀለበት በወጣበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደረደርኩ። መስታወቱን ስጠርገው ሻጋታው ለቀቀ። መስታወቱን የበላበት ቦታ ግን ጠባሳ ቀረ። ጠባሳ አይጠፋም፤ አጠፋላችኋለሁ የሚላችሁን አትመኑ። ጠርዝ ላይ ከሆነ ግን ፎቶው ላይ አይወጣም።

ለካሜራው የገዛሁትን ፊልም የማስቀምጠው ጎረቤቴ ባለሱቅ ዘንድ፣ ለስላሳ መጠጥ በሚያቀዘቅዝበት ፍሪጅ ውስጥ ነው። የወሎ ሰው ነው፤ ቀልድ አይጠፋበትም።

«እህቴ፣ ቀዝቃዛ ስጠኝ ላለኝ ሁሉ ፊልምሽን ላቀብለው ነው ወላሂ! ይሄን ሁሉ ከምትለፊ እናትሽን በስልክሽ ቀጭ አታደርጊያትም?»

«የሚያነሳት አባቴ ነው።»

«እሱማ ሌላ ነው» አለና ጥቅሉን ከጠርሙሶቹ ጀርባ ገፋው።

ከፍሪጅ የወጣ ፊልም እስኪሞቅ ከማሸጊያው አይወጣም፤ ያልበዋል። ጠብቄ ለካሜራው አጎረስኩትና ባለሱቁን ራሱን ለሙከራ አነሳሁት። አዲስ አበባ ታጥቦ ሲመጣ የጢሙ ፀጉር አንድ በአንድ ይለያል። ደስ ብሎኝ አዲስ ፊልም አስገብቼ አዋሽ ሄድኩ።

በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ እናቴን ደጃፉ ላይ በጥላው አስቀመጥናት። አሮጌ ሌንስ ፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን አይችልም። አባቴ ካሜራውን አነሳ። ቀለበቱን እስከ ጫፍ አዞረ፤ መለሰ፤ እንደገና አዞረ።

«ፈገግታዬ ደረቀ እኮ፣ ሰውዬ!» አለች እናቴ።

አባቴ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። «አላጸዳሽውም።»

ተቀብዬ አየሁበት። የእናቴ ሽፋሽፍት እንኳ ጥርት ብሎ ይታያል።

«አባባ፣ እስቲ በሌላው ዓይንህ።»

ሞከረ። «ደመናው አለ አልኩሽ እኮ።»

ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። የዓይን ግፊት ነው፤ ነርቩን ጎድቶታል፤ የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውም ጥቂት ነው አሉን። ስንወጣ አባቴ ክንዴን ያዘና «ስለ ሌንስ ምን ያውቃል?» አለኝ።

ቤት ስንደርስ ርቀቱን እኔ ላስተካክልልህ፣ አንተ ተጫን ብዬ ለመንኩት።

«ያላየሁትን አላነሳም» አለና «እንደገና አጽጂው» ብሎ ካሜራውን መለሰልኝ።

ካሜራው አሁን ሰመራ፣ እኔ ጋ፣ ደረቅ ዕቃ ውስጥ ነው። በዚህ ሙቀት ፊልም ካሜራ ውስጥ ከቆየ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ሌላ ሰው ቢሆን አውጣው እለው ነበር። እኔ አላወጣሁትም።

በደወልኩ ቁጥር አባቴ «ጨረስሽ?» ይለኛል።

«ገና ነው፣ አባባ።»

እናቴ ስልኩን ትቀበለዋለች። ሐኪሙ ያለውን ታውቃለች። እሱ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ፀጉሬን ልሠራ ወይስ ትንሽ ልቆይ?» ትለኛለች።