ኮረንቲ የከለከለን ወደብ

ቅዳሜ ጠዋት የተነሳነው የጋሼ ኑሩን ጀልባ ዴ ሞይን በምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ አቅራቢያ ካለ አሮጌ ማረፊያ አውጥተን ወደ ዋሽንግተን ሐይቅ ለማዛወር ነው። ጋሼ ኑሩ የባለቤቴ አጎት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኤርፖርት ሆቴሎችን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ያረጀ ጀልባ ገዙ። የወሎ ሰው ጀልባ ገዛ ተብሎ ዘመድ ሁሉ ሳቀባቸው። የልጅ ልጃቸው ሐናን ብቻ አልሳቀችም። በጋ ሲገባ ከጀልባው ላይ ዘልላ እንደምትዋኝ ቃል ገብተውላታል፤ የባሕሩ ውኃ ቅዝቃዜ ግን አጥንት ይሰብራል። ሐይቁ ይሻላል ተባለ።

እኔ የታክሲ ሾፌር ነኝ። የባሕር ሙያዬ ገመድ መያዝ ብቻ ነው። ከመነሳታችን በፊት ጀልባው ውስጥ ካለችው ትንሽ መታጠቢያ ለሱብሒ ሶላት ውዱ አደረግሁ። ውኃው ለብ ያለ ነበር።

"ማሞቂያውን ለውዱ ብዬ ራሴ ነኝ የገጠምኩት። ሆቴሉ ሲጥለው አንስቼ" አሉኝ በኩራት።

"አላህ ይቀበልዎ" አልኳቸው ከልቤ።

ባሕሩ ላይ

ውኃው ጸጥ ብሎ ነበር። የሬይነር ተራራ ከኋላችን፣ የከተማው ሕንፃዎች ከፊታችን። ሳምቡሳ በሻይ እየበላን ሳለ የአንድ ትልቅ መርከብ ሞገድ ደረሰና ሻዬን ሱሪዬ ላይ ደፋው። "ታክሲህ ቢሆን ፍሬን ትይዝ ነበር" ብለው ጋሼ ኑሩ እስኪያስላቸው ሳቁብኝ።

ከባሕሩ ወደ ሐይቆቹ የሚያስገባውን በር ሁሉም ሰው "ሎክስ" ይለዋል። ጀልባው ይገባል፣ በሩ ከኋላ ይዘጋል፣ ውኃው ከሥር እየሞላ ሽቅብ ያነሳሃል። የፊቱ በር ሲከፈት ጨው ያለበት ውኃ ቀርቶ ሐይቅ ላይ ነህ። ገመዴን አጥብቄ ይዤ ስደናበር አንዲት ሠራተኛ ከላይ ሆና በትዕግሥት ምልክት ሰጠችኝ። ለዚህ ሁሉ ሳንቲም አይጠየቅም። ይህች ከተማ አንዳንዴ ደግ ናት።

አዲሱ ማረፊያ

ማውንት ቤከር ከሚባለው ሰፈር ብዙም የማይርቀው ማረፊያ፣ ጋሼ ኑሩ "ዶክ" የሚሉት፣ አዲስና የሚያምር ነው። ሐናን የዋና ልብሷን ለብሳ ከእናቷ ጋር ትጠብቀን ነበር። ጋሼ ኑሩ ወፍራሙን የኮረንቲ ገመድ ከወደቡ መብራት ጋር ሲያገናኙት ኮረንቲ የሚቆርጠው ብሬከር "ጧ!" ብሎ ወደቀ። አነሱት። እንደገና ወደቀ።

"ዴ ሞይን ስንት ዓመት ፕላግ ሳደርግ አንድ ቀን ትሪፕ አድርጎ አያውቅም! ዶኩ ነው የተበላሸው" አሉ ተቆጥተው።

አማርኛ ሰምታ ከጎናችን ካለው ጀልባ አንዲት ሴት ወጣች። ሰምሃር ትባላለች፤ ወላጆቿ ኤርትራውያን ናቸው፣ እሷ ያደገችው አዲስ አበባ ነው።

"እንኳን ደህና መጡ ጋሼ። አይጨነቁ፣ ወዲያ ማዶ ጓደኛዬ አሮጌ ዶክ አላት። እዚያ በጭራሽ ትሪፕ አያደርግም። ኮል ላድርግላት?"

"ቆዪ፣ መጀመሪያ ሁሉንም ልዝጋ" አሉ። የጀልባውን ማብሪያዎች በሙሉ አጥፍተው ገመዱን ሰኩ። "ጧ!"

"አየህ? ሁሉም ጠፍቷል። ሶ፣ ችግሩ ከዶኩ ነው። ደውይ ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ።"

ሰምሃር ስልኳን አወጣች። ሐናን የዶኩ ጠርዝ ላይ ቆማ "ባባ፣ ካን አይ ጀምፕ ናው?" አለች አያቷን፤ አሁን ልዝለል ማለቷ ነው።

እኔ ነገሩ እንዲገባኝ ያህል፣ ይህ ብሬከር ምን አይቶ እንደሚቆርጥ ጋሼ ኑሩን ጠየቅኋቸው።

"የሄደው ኮረንቲ በሙሉ መመለስ አለበት። ጥቂት ከጎደለ ይቆርጣል።"

"የጎደለውስ የት ይገባል?"

"ወደ ውኃው ሊገባ ይችላል። ባሕር ላይ ጨዉ ስላለ ሰውን ትቶ በውኃው ያልፋል። ሐይቅ ሲሆን ግን በሰው ገላ ማለፍ ይቀለዋል።"

ያኔ የጠዋቱ ለብ ያለ ውኃ ትዝ አለኝ፤ ጋሼ ማብሪያዎቹን ሲያጠፉ የማሞቂያውን ሲነኩ አላየሁም። ግን እንዴት ልናገር? ሽማግሌው ፈርደዋል፣ እንግዳ ተቀባይዋ ሰምሃር እየደወለች ነው። በሰው ፊት ሽማግሌን መጠራጠር አላደግንበትም። ይሉኝታ ያዘኝ። ሐናን የእግሯን ጣቶች ወደ ውኃው ስትዘረጋ ግን ወደ ጋሼ ተጠጋሁ።

"ጋሼ፣ የውዱው ማሞቂያ ማብሪያው የቱ ነው?"

"እሱ ማብሪያ የለውም። እንግዳ ሳያውቅ እንዳያጠፋብኝ ከዋናው ገመድ ጋር በቀጥታ ነው ያገናኘሁት።"

ተናግረው ሳይጨርሱ ፊታቸው ተለወጠ። "ሐናን! ወደ ኋላ!" ብለው ጮኹ። እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም።

ገመዱን ነቅለን ማሞቂያውን ፈታነው። ውስጡ ያለው ብረት ዝጎ ተሰንጥቋል። ያለ እሱ ገመዱን ሰካን፤ ብሬከሩ ያዘ። ማብሪያዎቹን አንድ በአንድ አበራን፤ አሁንም ያዘ።

"ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ" አሉ ጋሼ ኑሩ ብረቱን እያገላበጡ። "የዴ ሞይኑ አሮጌ ዶክ እንዲህ የሚያስተውል ብሬከር የለውም፤ ለዚህ ነው ቆርጦብኝ የማያውቀው።"

ሰምሃር ደንግጣ ይቅርታ ትለምን ጀመር። "አንቺ ደግ አሰብሽ፣ ምን በወጣሽ" አሏት።

ሐናን ጥያቄዋን ደገመች። "ከዚህ አይሆንም እናቴ። መብራት ያለበት ዶክ አጠገብ ዛሬም ነገም አይዋኝም" አሏት አያቷ። አለቀሰች። ቃላቸውን ማጠፋቸው እሳቸውንም እንዳመማቸው አየሁ። ከዚያ ሁላችንም የሕዝብ መዋኛ ወዳለበት የሐይቁ ዳርቻ ሄድን። እሷ ስትንቦጫረቅ እሳቸው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ውኃ ውስጥ ቆሙ፤ አንዴም ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቀሉም።

ወደ ኦቴሎ

ከማውንት ቤከር ባቡር ይዤ ኦቴሎ ወዳለው ቤቴ ስመለስ፣ ያን ግትር ብሬከር መራገማችን አሳፈረኝ። የከለከለን ሁሉ ጠላታችን ይመስለናል። በዚያ ቀን ግን ከደግ ሰውም ከአዋቂም በላይ ውለታ የዋለልን እምቢ ያለን ነገር ነው። አልሐምዱሊላህ ማለት አንሶኝ ነበር።

ባለቤቴ በሩን ከፍታ "እሺ፣ ጉዞው እንዴት ነበር?" አለችኝ። ስለ ሎክሱ፣ ስለ ተራራው ልነግራት ብዙ አዘጋጅቼ ነበር።

"ሐናን ዋኘች" አልኳት፤ ሌላውን ሁሉ ተውኩት።