ያላነበብኩት ሁለተኛ ቅጽ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ፣ ፆም በገባ ቁጥር ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር፣ እሱ ጋ ስደርስ እዘለዋለሁ። ምን ብዬ ልጀምረው? «መጽሐፍ ደበቅኩ» ብላቸው ፈገግ ብለው «ይኼም ኃጢአት ሆኖ» ይሉኝ ይሆናል። ፈገግ እንዲሉልኝ አልፈለግኩም። እናንተም የምታነቡኝ፣ እስከ መጨረሻው ስሙኝ እንጂ ቶሎ አትማሩኝ።

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አራት መምህራን ሆነን ከገበያው በላይ አንዲት ክፍል ተከራየንና የንባብ ቤት ከፈትን። መጽሐፉን ከየቤታችን አዋጣን፤ የቀረውን ከደሴ ዘመድ ወዳጅ እየለመንን በሚኒባስ አስመጣን። ቁልፉም መዝገቡም በእኔ እጅ ነበር። ቀጥሎ የዓመት ንባብ ጀመርን፤ ወጣቶቹ «ቻሌንጅ» ይሉታል። ከመስከረም እስከ ጳጉሜ አርባ መጽሐፍ። እያንዳንዱ አንባቢ ግድግዳው ላይ በስሙ አንድ ሉህ ይለጠፍለታል፣ የጨረሰውን መጽሐፍ በየተራ ይጽፍበታል፣ በየሳምንቱ ቁጥሩ ቴሌግራም ላይ ይወጣል። ጳጉሜ ላይ ብዙ ያነበበው ስሙ ተጠርቶ ይጨበጨብለታል።

በመጀመሪያው ዓመት የተጨበጨበው ለእኔ ነው። አርባ ሦስት። ከአርባ ሦስቱ ግማሹን እንኳ በወጉ አላነበብኩም። መግቢያውን አያለሁ፣ መሐል ላይ ሁለት ሦስት ቦታ እገልጣለሁ፣ የመጨረሻዎቹን ገጾች አነባለሁ፣ ከዚያ ሉሁ ላይ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ሳደርገው ፊቴ ጋለ። በአሥረኛው አልጋለም። ልጅ ሆኜ አንድ መጽሐፍ ሦስቴ እያነበብኩ ያደግኩ ሰው፣ እንዴት ቁጥር ብቻ ሆኜ ቀረሁ? አላውቅም። ስሜ ከላይ ሲወጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይኸው ነው።

በሁለተኛው ዓመት መስከረም፣ በገበያ ቀን፣ የኔታ ደምሴ በሩ ላይ ቆሙ። ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ካለ ደብር ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው።

«ልጄ፣ እዚህ መጽሐፍ ታውሳላችሁ አሉኝ።»

«እናውሳለን የኔታ። የሃይማኖት መጻሕፍቱ በዚያ በኩል ናቸው» ብዬ መደርደሪያውን አሳየኋቸው።

«እሱስ ቤቴም አለ። እኔ ልብ ወለድ ነው የፈለግኩት። ለባለቤቴ ነው።»

ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ ከበቅሎ ወድቀው ወገባቸው ከተያዘ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ከአልጋ አይወርዱም። የሬዲዮ ትረካ እየሰሙ ይውሉ ነበር፤ ሬዲዮው ተበላሸ። ከዚያ ወዲህ የኔታ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቻቸውን ሲያሰናብቱ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ሊያነቡላቸው አሰቡ። እንዲሁ የሚዋስ ሰው አንድ መጽሐፍ ብቻ፣ የዓመቱን ንባብ የተመዘገበ ግን ሁለት ይወስዳል ብዬ ደንቡን ነገርኳቸው።

«እንግዲያው መዝግቢኝ» አሉ እየሳቁ። «በስተርጅና ልፎካከር።»

አልተፎካከሩም። ቁጥሩን ከቁም ነገር የቆጠሩት አይመስለኝም። እኛ በሉሃችን ላይ ስም ብቻ ስንጽፍ እሳቸው በዚያ ባማረ የቁም ጽሕፈታቸው ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ጎን የባለቤታቸውን ቃል ይጽፉ ነበር። «ጥሩነሽ አልቅሳለች።» «ጥሩነሽ፦ ይኼ ሰውዬ ዋሾ ነው፣ ልጅቷን እንዳትሰጡት።» «ጥሩነሽ መሐሉ ላይ አንቀላፍታ ከመጀመሪያው አስጀመረችኝ።» ወደ ንባብ ቤቱ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የየኔታን ሉህ ያነባል፣ ይስቃል፣ በዚያ ላይ ያየውን መጽሐፍ ይዋሳል። የእኔን ሉህ ቆሞ የሚያየው ጠፋ።

ሚያዝያ ላይ እሳቸው ሠላሳ አንድ፣ እኔ ሠላሳ ደረስን። እኔ እየዘለልኩ፣ እሳቸው ቃል በቃል ድምፅ አውጥተው እያነበቡ፣ በለጡኝ። ቀናሁ። አንዲት አልጋ ላይ የተኛች ሴትና አንድ ሽማግሌ ላይ ቀናሁ።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ ወፍራም ባለ ሁለት ቅጽ ልብ ወለድ ነበረን፤ ቅጂው አንድ ብቻ ነው። ልጇ ርቆ ሄዶ ድምፁ የጠፋባት የአንዲት እናት ታሪክ ነው። እኔ አንደኛውን ቅጽ በፊተኛው ዓመት ግማሽ ድረስ አይቼ ቆጥሬው ነበር። የኔታ ግንቦት ላይ ያንኑ ጨርሰው መጡ።

«ሁለተኛውን ቶሎ ስጪኝ» አሉ፤ ቁጭም አላሉ። «ልጁ ይመለስ አይመለስ ሳታውቅ እህል አልበላ አለችኝ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የእነሱም ልጅ፣ እንዳለ የሚባለው፣ በበረሃ አድርጎ ወደ ዐረብ አገር ከሄደ ስድስት ዓመቱ መሆኑን፣ ከጅቡቲ አንዴ ደውሎ ከዚያ ወዲህ ድምፁ እንዳልተሰማ ነገሩኝ። ይህን የሰማሁት መጽሐፉን ከመከልከሌ በፊት ነው። አላወቅኩም ነበር እንዳልል ነው የምነግራችሁ። ሰምቻለሁ።

ሁለተኛው ቅጽ የተቀመጥኩበት ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

«ሰው ወስዶታል የኔታ» አልኩ።

ለምን አልኩ? በዚያ ሳምንት እኩል ሆነን ነበር። ያ መጽሐፍ አንድ ያስበልጣቸዋል፤ በዚያ ላይ እትዬ ጥሩነሽ ስለ እሱ የሚሉት ሰውን ሁሉ ሉሁ ሥር ይሰበስባል። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ። የኔታ እንደወጡ መዝገቡን ገልጬ በራሴ ስም ወሰድኩት፤ እንኳን ላነበው፣ ከመሳቢያው አላወጣሁትም።

በሚቀጥለው ገበያ መጡ። «አልተመለሰም» አልኩ። በሦስተኛውም መጡ። ሌላ መጽሐፍ ልስጥዎት ብላቸው «ይኼን ሳንጨርስ ሌላ አልሰማም ብላለች» አሉኝ። በአራተኛው ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ገቡ።

«የወሰደውን ሰው ቤቱን ጠቁሚኝ፤ ሄጄ ልለምነው። ጥሩነሽ ደክማብኛለች።»

«ከከተማ ወጥቷል።»

«መቼ ይመለሳል?»

«እንጃ የኔታ።»

ጉልበቴ መሳቢያውን ነክቶት ነበር። እጄን ብሰድ የሚደርስ ነገር ነው። እጄን አልሰደድኩም። እሳቸው «እሺ፣ መርሐባ» ብለው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በዚያው ዝናብ የሁለት ሰዓቱን መንገድ ተመለሱ። በአምስተኛውም መጡ። በስድስተኛው ቀሩ። የቀሩ ዕለት፣ ያን መጽሐፍ ሉሄ ላይ አነበብኩ ብዬ ጻፍኩት።

ሐምሌ ገብቶ የኔታ ጥቁር ለብሰው መጡ። አንደኛውን ቅጽ ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል።

«ጥሩነሽ ዐረፈች» አሉኝ።

እግዚአብሔር ያጽናዎት አልኩ፤ አፌ የለመደውን አለ። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ወደ ግድግዳው ዞሩ። የራሳቸውን ሉህ አላዩም። የእኔን ነው ያዩት።

«እሰይ፣ አንብበሽዋል ለካ! ሰውዬው መለሰው?»

«መለሰው።»

«እኔ ያለሷ አላነበውም ልጄ፤ አልችልም። ብቻ መጨረሻውን ንገሪኝ። ልጁ ተመለሰ?»

ሌላ መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ መጨረሻውን አውቀው ነበር። ያን ግን አንድ ገጽ አልገለጥኩትም። «አላነበብኩትም የኔታ» ማለት ምን ያህል ነገር ነው? ሁለት ቃል ነው። ብዬው ቢሆን ኖሮ አፍር ነበር፣ ምናልባት ለመምህራኑ ይወራ ነበር፣ ከዚያ ያልፍ ነበር። አላልኩም።

«ተመለሰ» አልኩ።

«በሕይወት ደረሰባት?»

«ደረሰባት። በሩን ሲያንኳኳ ገና ከሳሉ ነው ያወቀችው።»

ሳሉን ከየት አመጣሁት? ማንም አልጠየቀኝም። ውሸቱን አሳመርኩት።

የኔታ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ቆይተው ሲገልጡት፣ እትዬ ጥሩነሽ በመጨረሻው ሳምንት ያሉትን ነገሩኝ። «በመጽሐፉ ልጁ ከተመለሰ የእኛም እንዳለ በሕይወት አለ ማለት ነው፣ ጠብቀው። ካልተመለሰ ግን ቁርጥህን ዕወቅና ፍትሐት አድርግለት፤ ሜዳ ላይ አይቅርብኝ» ብለዋቸው ነበር።

«ይኼ ልብ ወለድ ነው እንጂ ትንቢት አይደለም ብዬ ተቆጣኋት» አሉ። «ግን ሰው ነኝና ከልቤ አልወጣ አለኝ። እንግዲህ ፍትሐቱን አላስደርግም። እጠብቀዋለሁ።»

ማልቀስ የጀመርኩት እኔ ነኝ። እሳቸው፣ ባለቤታቸውን ቀብረው የመጡት ሰውዬ፣ ትከሻዬን ይዘው «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አሉኝ። ለእሳቸው ያዘንኩ መስሏቸው ነው። ያኔም አፌን አልከፈትኩም።

እሳቸው እንደሄዱ በሩን ዘግቼ ሁለተኛውን ቅጽ ከመሳቢያው አወጣሁ። ቤቴ ወስጄ በሁለት ቀን ጨረስኩት፤ በዚያ ዓመት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነበብኩት እሱን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ልጁ አይመለስም። አብሮት የነበረ ሰው መጥቶ በባሕር ላይ መሞቱን ይነግራታል። እናትየዋ ታለቅሳለች፣ ተዝካሩን ታወጣለች፣ ልብሱን ለጎረቤት ልጅ ትሰጣለች፤ ክረምት ሲገባ ስድስት ዓመት ጦሙን ያደረውን ማሳዋን ገብስ ትዘራበታለች። ቁርጥ ማወቅ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ የሚናገር መጽሐፍ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ይህን መስማት ነበረባቸው። የኔታም እንደዚሁ። መንገዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ታዲያ ሄጄ ነገርኳቸው? አልነገርኩም። ምናልባት አንድ ቀን ሐሳባቸውን ለውጠው ሊያነቡት ይፈልጋሉ ብዬ ፈራሁና መዝገቡ ላይ «ጠፍቷል» ብዬ ጻፍኩበት። ጳጉሜ ላይ አርባ አራት መጽሐፍ አንብባለች ተብሎ ስሜ ተጠራ። የኔታ ሠላሳ አንድ ላይ ቆመው ቀሩ፤ አንደኛው ቅጽ እንኳ ሳይጨምሩበት፣ «ጥሩነሽ አልጨረሰችውምና አይቆጠርም» ብለው ሰርዘውት ነበር። ሆኖም በዝግጅቱ ላይ ተገኝተው ተነሥተው መረቁኝ። «ዓይንሽን ያብራልሽ፣ ዕውቀትሽን ያብዛልሽ» አሉኝ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ።

ሁለት ዓመት ሆነ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ሉህ አልለጠፍኩም፤ ለባልደረቦቼ ሥራ በዛብኝ ብያለሁ። የኔታ በገበያ ቀን አሁንም ይመጣሉ፤ ነገር ግን ገበያቸውን ሲጨርሱ መጀመሪያ የሚሄዱት መናኸሪያ ነው። አንድ ቀን ከሩቅ አየኋቸው። ከደሴ የመጣው አውቶቡስ ሰው ያራግፋል፤ እሳቸው ከሻንጣና ከማዳበሪያው መሐል ቆመው የሚወርደውን ወጣት ሁሉ ፊት ፊቱን ያያሉ። የመጨረሻው ሰው ሲወርድ፣ ረዳቱ ውስጡን ሲጠርግ፣ እሳቸው ገና ቆመዋል። ሳል የሰሙ ይመስል አንዴ ዞር አሉ። እኔ ወደ ቤቴ ሸሸሁ።

ባለፈው ወር ንባብ ቤቱ መጥተው ወንበር ሳቡ።

«ያን መጽሐፍ አሁን ሳላነበው አልቀርም» አሉ። «ዓይኔ ሳይደክም ሁለተኛውን ልጨርስላት።»

«ጠፋብን የኔታ» አልኳቸው።

ከዚያ እጄን መታ መታ አደረጉት። «አብሽሪ። መጨረሻውን ነግረሽኝ የለ? ይበቃኛል።»

ከናንተ መሐል «ውሸቱም ቢሆን ሽማግሌውን አጽንቶ አኑሯል፤ ምን አለበት?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። ነገር ግን ያን ዕለት የዋሸሁት ላጽናናቸው አልነበረም። አለማንበቤ እንዳይታወቅብኝ ነው የዋሸሁት። መጽናናታቸው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ እሱን አንሥቼ ጥፋቴን ብሸፍንበት ሌላ ስርቆት ይሆንብኛል።

በሚቀጥለው ገበያ እነግራቸዋለሁ አልላችሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ እንዲያ ስል ኖሬያለሁ። ብነግራቸው ልጃቸውን በእጄ እንደ መቅበር ሆኖ ይታየኛል፤ ባልነግራቸው መናኸሪያው ላይ ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ። የቱ እንደሚብስ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። ይቅርታ ግን አትስጡኝ፤ እሱ በናንተ እጅ አይደለም። አንዷ ይቅር ባይ እየጠበቀች ሞታለች። ሌላው በገበያ ቀን ይመጣሉ፣ ይመርቁኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ።