ሳናጭድ የበላነው ምሳ

ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን ወጣቶች በሬን አንኳኩ። እዚህ ፍኖተ ሰላም፣ ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ሸክላ ሠሪ ትኖራለች። ክረምቱ ግድግዳዋን ስለጣለባት ጭቃ አቡክተው ሊመርጉላት ተነሥተዋል፤ የመጡት ጭድ ሊለምኑኝ ነው። ሰጠኋቸውና ምሳ የት እንደሚበሉ ጠየቅኋቸው። እንዳያስቸግሯት ይዘው እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ይህችን መልስ በደንብ ዐውቃታለሁ። የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ እኔው ራሴ ተናግሬያታለሁ።

ያኔ ቡሬ እማር ነበር። ኅዳር መግቢያ ላይ የሦስት ሰዓቱን መንገድ በእግሬ ወደ አገር ቤት ስመለስ፣ አያ ሞላ የጋለ ብረት እግራቸው ላይ ወድቆ መተኛታቸውን ሰማሁ። አያ ሞላ የአገሩን ማረሻና ማጭድ ሁሉ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። የቀጥቃጭ ዘር፣ እንደ ሸክላ ሠሪው ሁሉ፣ ቡዳ ነው ይባል ስለነበር ብረታቸውን እንጂ እንጀራቸውን የሚነካ አልነበረም። ደቦም የሚወጣላቸው የለም። ጤፋቸው ደርሶ ቆሟል፤ ሰማዩ ደግሞ ያለ ወቅቱ ይጠቁራል። ዝናብ ከመታው የዓመት ቀለባቸው ጭቃ ላይ መርገፉ ነው።

እኔ፣ የተማርኩ ነኝ ባዩ፣ ጎረምሶችን አሰባሰብኩ፤ አሥራ አንድ ሆንን። ሁሉንም ያሳመንኩት ምሳችንን ከየቤታችን እንይዛለን ብዬ ነው። በዚህ ብልሃቴ ምን ያህል ኮርቼ እንደነበር ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። እናቴም ዳቦ ቋጥራ፣ "እጨድላቸው፣ ጽድቅ ነው፤ አፍህን ግን ጠብቅ" ብላ ሸኘችኝ።

ስንቃችንን ግራር ላይ ሰቅለን ወደ ማሳው ልንገባ ስንል የአያ ሞላ ሚስት፣ እትዬ ጥሩነሽ፣ ብቅ አሉ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ነበሩ። ከረጢቶቹ ምን እንደሆኑ ጠየቁኝ፤ እንዳናስቸግርዎ ብለን ነው አልኳቸው።

"የያዛችሁትን ማጭድ የሠራው ባሌ ነው" አሉ። "እጁን ካልፈራችሁ ሌማቴን ምነው ፈራችሁ? ከቤቴ የማይበላ ሰው ጤፌን አይጨድልኝ። ተዉት፣ ይርገፍ።"

አያ ሞላ ከደጃፍ ተቀምጠው፣ ልጆቹ ለደግ ነው የመጡ ቢሏቸው ሚስታቸው አልሰሟቸውም። እኔ መጀመሪያ ተናደድኩ። ልንረዳቸው መጥተን? ከዚያ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየሁ። የዳጉሳው እንጀራ ተደራርቧል፤ የሽሮው ድስት ጉልቻ ላይ ነው፤ ጠላው ተጠልሏል። መምጣታችንን ሰምተው ቤት ያለውን ዱቄት ሁሉ አራግፈዋል። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

"እትዬ፣ ሳናጭድ እንብላ" አልኩ።

ወጉ መጀመሪያ ማጨድ፣ ከዚያ መብላት ነበር። ሦስቱ ከረጢታቸውን አውርደው ሄዱ፤ ስምንታችን ገባን። አልዋሽም፣ የመጀመሪያውን የጎረስኩት ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ሽሮው ጨው በዝቶበታል። ሁለተኛውን የጎረስኩት ግን ርቦኝ ነው። ጤፉን ከምረን ስንጨርስ ዝናቡ ወረደ። ከሄዱት አንዱ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ስለነበር ከእኛው ጋር በሰበሰ።

እናቴ ለአንድ ሳምንት ሳህኔን ለየችው፤ ጠዋት ማታ ሆዴ እንዴት እንደሆነ ትጠይቀኝ ነበር። በስምንተኛው ቀን ከሌሎቹ ሳህኖች ጋር አጠበችው። በዓመቱ አያ ሞላን እኛ ቤት ደቦ ጠራናቸው። እኔ ግን ዛሬም የሚደንቁኝ እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ሊራቡ እንደሚችሉ እያወቁ የተናቀ ሰው ሆነው መታገዝን እንቢ ያሉ ሴት።

ይህን ሁሉ ለወጣቶቹ አጫወትኳቸው። ጭዳቸውን ተሸክመው ሄዱ። በማግስቱ ብቅ ስል ግድግዳው ግማሽ ደርሷል፤ እነሱ እስከ ክንዳቸው ጭቃ እንደሆኑ የሴትዮዋን ትሪ ከበዋል።

"ጋሼ፣ ይምጡ፣ እንብላ" አለችኝ ሴትዮዋ።

በልቼ ነው የመጣሁ ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ።