የተስተካከለው ድርሰት

ነገሌ ቦረና ውስጥ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። እዚሁ ተወልጄ፣ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ እያወራሁ ነው ያደግሁት፤ ስለዚህ ተማሪዎቼ አማርኛ ሲሳሳቱ አይገርመኝም። የገረመኝ መሳሳት ያቆሙ ጊዜ ነው።

ድርቁ ባለፈ በዓመቱ፣ ያያችሁትን ጻፉ ብዬ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። የመጣልኝ ሁሉ አንድ ሰው የጻፈው ይመስላል። «ድርቅ የአርብቶ አደሩን ሁለንተናዊ ሕይወት ክፉኛ የሚፈትን የተፈጥሮ ክስተት ነው» ይላል አንዱ፤ ሌላውም ትንሽ ለወጥ አድርጎ ያንኑ ይላል። ከዱብሉቅ መጥታ አክስቷ ቤት ሆና የምትማር ልጅ ነበረች። ክፍል ውስጥ ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም። ከብቶቻቸው ማለቃቸውን አክስቷ ነግራኛለች። የእሷም ድርሰት ያው ነበር። ማን ጻፈላችሁ ብዬ ስጠይቅ አልደበቁም፤ ስልካችን ላይ ያለው ኤአይ ነው አሉ፣ ስለ አየር ሁኔታ የሚያወሩ ያህል ቀለል አድርገው።

ቁጣ እንደማይሠራ ገባኝ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ስልክም ደብተርም ቦርሳ ውስጥ እንዲከቱ አድርጌ፣ በአፋችሁ ንገሩኝ፣ ኦሮምኛ ብትቀላቅሉም ግድ የለኝም አልኳቸው። ማንም አልተነሳም። እኔው ጀመርኩ፤ በድርቁ ወቅት ከተማ ገብተው ከሱቆች ደጅ ካርቶን ይበሉ ስለነበሩት ከብቶች አወራሁ። ያኔ የዱብሉቋ ልጅ እጇን አወጣች።

«ላሙ ጠዋት መነሳት አይችልም» አለች። «አባቴ ቀንዱን ይይዛል፣ እኔ ጭራውን። ከቆመ ይሄዳል፣ ሳር ይፈልጋል። በየቀኑ እናነሳለን። አንድ ቀን ላሙ ቆመ። አባቴ ግን መሬት ተቀመጠ፤ አልነሳም አለ።»

ላሟን «ላሙ» በማለቷ የሳቀ አልነበረም። የኋላ ወንበር ላይ ሁሌ የሚያንቀላፋው ልጅ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ ይሰማ ነበር። ከዚያ አባትሽ ምን ሆነ ብሎ በኦሮምኛ ጠየቃት። እናቷ መጥታ አጠገቡ እንደተቀመጠች፣ ፀሐይ እስኪበረታ ሁለቱም እንዳልተነሱ ነገረችው። ደወል ተደውሎም ወዲያው የወጣ የለም። ብዙ ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ ክፍል ጥቂት ነው ያየሁት። ልክ እንደነገርሽን አድርገሽ ጻፊው አልኳት።

ሰኞ ዕለት ከክፍል ውጭ ጠብቃ ሰጠችኝ። ፊቷ ላይ ደስታ ነበር። አነበብኩት። ላሟ የለችም፤ አባትየውም የለም። «የቤተሰብ ትስስር በአስቸጋሪ ወቅት የጽናት ምንጭ ነው» ይላል።

«ቲቸር፣ አሁንስ ወደዱት?» አለች።

መጀመሪያ ራሷ ጽፋው እንደነበር፣ ከዚያ አስተካክልልኝ ብላ ለስልኩ እንደሰጠችው ነገረችኝ። የመጀመሪያውን አሳዪኝ አልኳት። አጥፍታዋለች። ያኛው ይበልጥ ነበር ስላት፣ ለማጽናናት የምናገር መሰላት መሰለኝ፤ አንገቷን ደፋች።

«በዚያኛው ይስቁብኛል» አለች።

ማንም እንዳልሳቀ ላስታውሳት ሞከርኩ። የክፍሉ ልጆች ባይስቁባትም የፈተና አራሚ ግን አያዝንላትም፣ እሷም ይህን ታውቃለች። ለዓመታት ላሙ ቆመ የሚለውን በቀይ እየሰረዝኩ ላሟ ቆመች ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስልኩ የሠራው የእኔን ሥራ ነው፤ ፈጥኖና አብዝቶ። ጥሩ ነው፣ ግቢ አልኳት።

እሷ አሁን ያቤሎ ትማራለች። እኔ አሁንም አርብ አርብ ስልክ አስቀምጠው እንዲያወሩ አደርጋለሁ። ያወራሉ፣ ይደማመጣሉ፣ አንዳንዴ ይከራከራሉ። ጻፉት ስላቸው ግን ያው ይመጣል፤ ንጹሕ፣ ስሕተት የሌለው። ማረም ያለብኝ ነገር አጥቼ ቀዩን እስክሪብቶ እንደያዝኩ እቀመጣለሁ።