ከቅጥሩ ውጭ የተለካ ጽድ

ጽድ ይበልጣል ወይስ ባሕር ዛፍ? ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመምጠጥ ማለቴ ነው። ጎንደር እኔ ዘንድ ሆና የምትማረው የወንድሜ ልጅ ባለፈው ሰሞን ከትምህርት ቤት ይዛው የመጣች ጥያቄ ነው። መጻሕፍቱ የሚሉትን ነገርኳት፤ ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ ቶሎ ይመጥጣል፣ ያረጀ ጽድ ግን ቀስ ብሎ ያጠራቀመውን እንጨቱ ውስጥ ለረጅም ዘመን ያኖረዋል። "የእናንተ አገርስ የቱ ይበልጥ ነበር?" ስትለኝ ግን ወሬ ቀየርኩ። የለካሁት እኔ ነበርኩ፤ ማለት፣ ለካሁ ያልኩት።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ስለሆነ ሃያ ዓመት ሞልቶኝ ገና ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ክረምቱ ወጥቶ መስኩ አደይ ሲለብስ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ወዳለው መንደራችን አንድ ባለሙያ መጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ራቁት ኮረብታ በምን ዛፍ ይሸፈን የሚለው የሚወሰነው እሱ በሚያቀርበው ወረቀት ነበር። የአባቴ የገብስ ማሳ ከኮረብታው ሥር ነው። "ባሕር ዛፍ ከመጣብን ውኃውን ጠጥቶ ይጨርሰናል፤ ጽድና ወይራ ነው ሸጋው" ይል ነበር።

ባለሙያው የእጅ ጽሕፈቴን ወደደና ለልኬት ቀጠረኝ። ሜትሩን በደረት ቁመት ግንዱ ላይ አዙሮ ቁጥሩን መጻፍ ነው፤ የያዘውን ካርቦን ከውፍረቱ ተነሥቶ እሱ ያሰላዋል። ሁለት ቀን ሙሉ የባቄላ እሸት እየፈለፈልኩ የመንደሩን ባሕር ዛፍ አንድም ሳልዘል ለካሁ።

በሦስተኛው ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ጽዶች ተራ ሆነ። በዚያው ጧት የወር አበባዬ መጣ። እንዲህ ሆና ቅጥር የምትገባ ሴት የለችም። የአገሬ ሰው በሩ ላይ መቆሜን አይቶ ሳይጠይቅ ይረዳኝ ነበር፤ ለከተማ ወንድ ግን ምን ብዬ ልንገር? እሱ ወንዝ ዳር ሲውል፣ እኔ ከድንጋዩ አጥር ውጭ አንገቴን አስግጌ በዓይኔ እየገመትኩ ጻፍኩ። ማጋነን ውሸት ነው ብዬ አሳነስኩ፤ ማሳነስ ውሸት ያልሆነ ይመስል።

ማታ መዝገቡን ተቀብሎ አየና "ጽዶቹ እንዲህ ቀጫጭን ናቸው እንዴ? ከሩቅ ወፋፍራም ይመስላሉ" አለኝ።

"ቅርንጫፋቸው ነው እንዲያ የሚያስመስላቸው።"

"አንቺ ካልሽ እሺ። እንዳንቺ ያለ ጠንቃቃ አላየሁም።"

በስብሰባው ወረቀቱ ሲነበብ ባሕር ዛፉ በለጠ። አባቴ ተነሥቶ "ጌታው፣ ያን ትልቁን ጽድ እኮ ሦስት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም" አለ።

"አባባ፣ የለካችው የራስዎ ልጅ ናት" አለው ባለሙያው። ሰው ሳቀ። አባቴ ዞር ብሎ አየኝ፤ እኔ አቀረቀርኩ። እሱም ተቀመጠ።

ኮረብታው ባሕር ዛፍ ሆነ፤ የማሳችን ገብስም ከዳር ጀምሮ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ። የእኔ ቁጥር ይሁን ወይስ ያለ እሱም እንዲያው ይወስኑ ነበር፣ አላውቅም። አባቴ እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አላነሣብኝም። ልነግረው የሚገባኝ እሱ ነበር። አንዲት ፊደል ብትዛነፍ ገጹን ቀድጄ እንደገና የምጽፍ ሰው፣ ይቺን አንዲት ነገር ሳላርም መኖሬ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

የልጅቷ ጥያቄ እንቅልፍ ቢነሣኝ በሳምንቱ አገር ቤት ሄድኩ። ያኔም ዛሬም ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠብቁትን አያ ፈንታን በሩ ላይ አገኘኋቸውና ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

"አያ ፈንታ፣ ያኔ ጽዶቹን አልለካኋቸውም። ከውጭ ቆሜ ገምቼ ነው የጻፍኩት።"

"አውቃለሁ እንጂ። ስትቆሚ አይቼ ለምን እንደማትገቢ ገባኝ። 'እርስዎ ይለኩልኝ' ትይኛለሽ ብዬ እግንዱ ሥር ቆሜ ስጠብቅሽ ነበር።"

"ምነው ታዲያ አልጠሩኝም?"

"አንቺ የተማርሽ ነሽ" አሉኝ። "በዓይንም ይለካ ይሆናል ብዬ ነው።"